ጥፋተኛውን ሳትለይ ገንዘብህን አታውጣ

ልጄ፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ ኮምፒውተር ስጠግን ከወጣቶች በብዛት የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ካውንተር ስትራይክ እየጎተተ አላጫውት አለኝ፤ ምን ልግዛ?» አንዱ ራም ሊገዛ ይነሳል፣ ሌላው ሲም ካርድ ይቀይራል፣ ሦስተኛው ደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድሙ ደውሎ «ግራፊክስ ካርድ ላክልኝ» ይላል። እንዲህ ሲሆን አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል። ጥፋቱ የመስመሩ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ይቀየራል፤ የማሽኑ ሲሆን ደግሞ ኔትወርኩ ይረገማል። የምመክርህ ነገር ብዙ ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው። የሚያዘገይህ ማሽንህ ነው፣ ቤትህ ውስጥ ያለው መስመር ነው ወይስ ከደጅህ ውጭ ያለው ረጅም መንገድ? መጀመሪያ ሦስቱን ለይ፤ ኪስህን የምትከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

1. መጀመሪያ ለካ

ኢንተርኔቱን ትተህ ከቦት ጋር ተጫወት። እዚያም ምስሉ እየተንገጫገጨ የሚቆም ከሆነ ጥፋተኛው ማሽንህ ነው። ከቦት ጋር ያለ እንከን እየሄደ ኦንላይን ስትገባ ብቻ የሚዘል ከሆነ ወደ መስመሩ ሂድ።

የመስመሩን ነገር እንዲህ ታጣራለህ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተህ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ስጠው። «ዲፎልት ጌትዌይ» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1፣ የራውተርህ አድራሻ ነው። እሱን ፒንግ አድርግ፤ ፒንግ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ይነግርሃል፤ ከቁጥሩ ኋላ ሰረዝና ቲ ከጨመርክበት እስክታቆመው ይቀጥላል። በሌላ መስኮት ደግሞ ከቤትህ ውጭ ሩቅ ያለውን 8.8.8.8ን ፒንግ አድርግና ሁለቱን ጎን ለጎን ተመልከት። ራውተሩ በኬብል 1 ሚሊሰከንድ፣ በዋይፋይ ከ2 እስከ 5 የሚመልስ ከሆነ ጤነኛ ነው። ራውተሩ ራሱ 40፣ 90፣ 200 እያለ የሚዘል ከሆነ ሕመሙ ቤትህ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ማንም ምንም ሳያወርድ ራውተሩ ረግቶ የሩቁ ብቻ የሚዘል ከሆነ ግን ነገሩ በአብዛኛው ከአንተ እጅ ውጭ ነው። ይህን ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለክተህ ደብተር ላይ ጻፈው። ግምት ያታልላል፤ የተጻፈ ቁጥር አያታልልም።

2. ርቀት በገንዘብ አያጥርም

ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያ ምንም አይደለም። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ግን በቀጥታ ሲለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኬብሉ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ ከ53 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም። ደግሞም ተወጥሮ አልተዘረጋም። አገራችን ወደብ ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር፣ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል፣ ወጥቶ የባሕር ውስጥ ኬብል ላይ ይሳፈራል፤ ከዚያም ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ዱባይ በቀጥታ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይቀርባል። የካውንተር ስትራይክ ባለቤት ቫልቭ ዱባይና ጆሃንስበርግ ሰርቨር አለው፤ ሌላው ተኩስ ጌም ቫሎራንት ደግሞ ባሕሬን አለው። ካውንተር ስትራይክ 2 ውስጥ «የምቀበለው ከፍተኛ ፒንግ» የሚል ማስተካከያ አለና ዝቅ አድርገው፤ ያኔ ሩቅ ሰርቨር ላይ አይወረውርህም። ጆሃንስበርግ ካለ የአጎትህ ልጅ ጋር መጫወት ካማረህ መጀመሪያ ለካ። በካርታ ላይ ከፍራንክፈርት ይቀርባል፤ መስመሩ ግን በአውሮፓ ዞሮ ሊሄድ ይችላል።

ይህን ካወቅህ «ፒንግ ይቀንሳል» እያለ የሚሸጥልህን ፕሮግራም ሁሉ አትገዛም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የተሻለ መንገድ ካገኘ ጥቂት ሊያተርፍልህ ይችላል፤ ባሕሩን ግን አያጠብበውም። ባሕሩም የራሱ መከራ አለው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተቆረጡ፤ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ደግሞ ጄዳ አጠገብ እንደገና ተቆረጡ። እንዲህ ባለ ሰሞን ሰርቨሩ ቢርቅብህ ዊንዶውስህን ደምስሰህ እንደ አዲስ አትጫን፤ ኬብሉ እስኪጠገን ጠብቅ።

3. ከፍ ካለ ፒንግ ይልቅ የማይረጋ ፒንግ ይጎዳል

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ፒንግህ ስንት ነው?» እያለ ነው። እኔ የምጠይቅህ «ይረጋል ወይ?» ብዬ ነው። ከመነኻሪያ በየሰዓቱ የሚነሳ መኪና ቢዘገይም ቀጠሮ ይያዝበታል፤ ሲፈልግ በአሥር ደቂቃ፣ ሲፈልግ በሁለት ሰዓት የሚነሳው ግን ሰው ያጣላል። ረግቶ 130 ላይ የሚቆም መስመር ከ70 ወደ 250 ከሚዋልለው ይሻላል፤ እጅህ የረጋውን ይለምደዋል። ከዚህ የባሰው የፓኬት መጥፋት ነው። ከመቶ ሁለት ሦስቱ ቢጠፉ እንኳ ተኩሰህ ያልተኮስክ ትሆናለህ።

4. «ግድግዳ ጀርባ ከገባሁ በኋላ ገደለኝ» ስትል አትማል

ይህን ነገር ብዙዎች ማጭበርበር ይሉታል። እንዲህ ነው የሚሆነው። የባላጋራህ ጥይት መልእክት ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ፣ ሰርቨሩ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶ «ይህ ሰው ሲተኩስ ስክሪኑ ላይ ምን ያይ ነበር?» ብሎ ይመረምራል። በእሱ ስክሪን ላይ አንተ ገና ደጅ ነህ፤ በአንተ ስክሪን ላይ ገብተሃል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፤ ልዩነቱ በመካከላችሁ ያለው መንገድ ነው። እንዲህ ባይሠራ ኖሮ ፒንጉ ከፍ ያለው ሰው፣ ማለትም አንተ፣ ሰው መምታት አትችልም ነበር።

ከዚህ የሚገኝ ጥቅም አለ። ከጥግ ብቅ የሚለው ሰው ቆሞ የሚጠብቀውን ቀድሞ ያያል፤ የእሱ መውጣት ለጠባቂው ዘግይቶ ነውና የሚደርሰው። ስለዚህ ፒንግህ ከፍ ያለ ከሆነ አንድ ጥግ ላይ ተለጥፈህ አትጠብቅ። ቦታ ቀያይር፣ አንተ ቀድመህ ብቅ በል፤ ከመታህ በኋላም እዚያው አትቁም።

5. ቤትህ ውስጥ ያለውን መስመር አስተካክል

ራውተር ካለህ በኬብል ተገናኝ። ኬብል ካልደረሰ ዋይፋዩን ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርገው፤ ጎረቤት ያልያዘውን ምረጥ። ኢንተርኔትህ ከስልክ ከሆነ ሆትስፖት ትተህ በዩኤስቢ ገመድ አገናኘው፤ የአየሩን አንድ እርምጃ ትቀንሳለህ፣ ስልክህም አይራብም። የቆርቆሮ ጣሪያ ሲግናል ይመልሳል። ሞደሙን ከሶፋ ሥር አውጥተህ መስኮት ላይ፣ ታወሩ ባለበት አቅጣጫ አስቀምጠውና እያንዳንዱን መስኮት በፒንግ ሞክር። ስልኩ 4ጂ ላይ ብቻ እንዲቆይ አድርገው፤ ወደ 3ጂ ወርዶ ሲመለስ ጨዋታው ይበጠሳል። አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም አጠገብ የምትኖር ከሆነና ሀዲያ ሆሳዕና በሜዳው የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ታወሩን ከብዙ ሺህ ስልክ ጋር እንደምትጋራው አስብ።

ትልቁ የቤት ጠላት ግን ሌላ ነው። ተኩስ ጌም ራሱ የሚወስደው ዳታ ትንሽ ነው። እህትህ ቪዲዮ ስትጭን፣ ቴሌግራም ፊልም ሲያወርድ፣ ራውተሩ ሁሉንም ወረፋ ያስይዛል፤ የአንተ ጥይትም ከፊልሙ ኋላ ይሰለፋል። ፒንግ ከፍተህ ሰው ፊልም እንዲያወርድ አድርግ፤ 100 የነበረው 700 ሲሆን ጥፋተኛውን በዓይንህ ታየዋለህ። መድኃኒቱ የበለጠ ፓኬጅ መግዛት አይደለም። ራውተርህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የፍጥነት ገደብ ማስቀመጥ የሚችል ከሆነ ጠቅላላውን ከመስመሩ አቅም 85 በመቶ አካባቢ ላይ ገድበው። ካልቻለ ጌም የምታወርድበት ስቲም ውስጥ የማውረጃ ገደብ አድርግ፤ ከቤተሰቡ ጋርም በሰዓት ተስማማ። እህትህ ለፈተና የምታወርደው ካለ ቅድሚያው የእሷ ነው።

6. ማሽንህ የሚችለውን ጌም ምረጥ

ካውንተር ስትራይክ 2 እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የቀድሞውን ጌም ሲተካ ብዙ አሮጌ ማሽን ጣለ። ቢያንስ 8 ጊጋ ራም፣ አራት ሥራ ባንዴ የሚያስኬድ ፕሮሰሰር፣ ዳይሬክትኤክስ 11 የሚያውቅ ግራፊክስና 85 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል። ያ ዝቅተኛው ነው፤ ዝቅተኛው ደግሞ «ይከፈታል» ማለት እንጂ «ይመቻል» ማለት አይደለም። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝተህ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው በእሱ ላይ ካውንተር ስትራይክ 2ን ለማስኬድ አትታገል። ቫሎራንት ኢንቴል ኤችዲ 4000 ላይ እንኳ በሰከንድ በ30 ፍሬም (ምስል) ይከፈታል። ነገር ግን ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የማሽኑ የደህንነት ማስተካከያዎች ካልበሩ አያስገባህም። ዳታህን ከማቃጠልህ በፊት ይህን አረጋግጥ።

ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ከራም ይበደራል። በዚህ ዓይነቱ ማሽን አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ከማድረግ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ማድረግ ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል። ክዳኑን ክፈት፤ አንድ ራም ብቻ ተሰክቶ ጎኑ ያለው ባዶ ከሆነ ከሁሉ ርካሽ የሆነው መፍትሔ ፊትህ ነው። ስትሰካም የማዘርቦርዱን ቀለም ወይም ቁጥር ተከተል፤ ባለ አራት ማስገቢያ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እየዘለልክ ነው።

7. ሴቲንግ በሥርዓት ነው የሚቀነሰው

ሁሉንም ባንዴ «ሎው» አታድርግ፤ የቱ እንደረዳህ አታውቅም። መጀመሪያ ሬዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርድ። ፍሬሙ ከጨመረ የታነቀው ግራፊክሱ ነው፤ ካልጨመረ የታነቀው ፕሮሰሰሩ ነውና ምስሉን ማበላሸት አይጠቅምህም። ከዚያ የጠርዝ ማለስለሻውን፣ ቀጥሎ ጥላውን ቀንስ። ጥላን ግን ፈጽመህ አታጥፋ፤ ከጥግ የሚመጣውን ሰው አስቀድሞ የሚነግርህ ጥላው ነው። ቪሲንክን አጥፋ፤ ከእጅህ እስከ ስክሪኑ ያለውን ጊዜ ያረዝማል። ማሽንህ ከ70 እስከ 140 ፍሬም የሚዋልል ከሆነ 80 ላይ ጣሪያ አድርግበት፤ እጅ የሚወደው እኩል እኩል የሚመጣ ፍሬም ነው። ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር ገዝተህም ዊንዶውስ 60 ላይ ትቶት ሊሆን ይችላል። የዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብተህ እይ፤ በ60 አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ፣ በ144 ደግሞ 6.9 ነው።

8. መብራትን አትመን፣ ቀዩን ማብሪያም ተመልከት

ግልገል ጊቤ 3 ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ መብራቱ ግን እንደምታውቀው ነው። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ስትገዛ ከመሰካትህ በፊት የኋላውን የመብራት ሳጥን እይ። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለች፤ 115 ወይም 230 ትላለች። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ልትሆን ትችላለች። የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ እንዲሁ ከሰካኸው በጭስ ይቀበልሃል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ 230 አንሸራትታት። ከዚያ ስታቢላይዘር፣ አቅም ሲፈቅድ ዩፒኤስ። ትንሽ ዩፒኤስ ዴስክቶፕህን የሚያቆይልህ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ራውተሩን ለብቻው በባለ 12 ቮልት ባትሪ ካቆየኸው ደግሞ ላፕቶፕ ይዘህ ጨዋታህን ትጨርሳለህ። ራንክድ ጨዋታ ጥለህ ስትወጣ ጌሙ «መብራት ጠፋበት» ብሎ አይምርህም፤ ቅጣቱን ይሰጥሃል።

9. ከአያያዝ ይቀደዳል

ሆሳዕና ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳር አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የሚሸከመው ያነሰ ነው። ብርዳችን ይክሰናል፣ የበጋው አቧራ ግን ያስከፍለናል። ላፕቶፕህ በደንብ ጀምሮ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፍሬሙ በግማሽ የሚወርድ ከሆነ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ራሱን እየገታ ነው። ፋኑን በጣት ይዘህ አቧራውን አስነፋ፤ ፋኑ ሲሽከረከር ከተነፋ ሊበላሽ ይችላል። የደረቀውን ተርማል ፔስት ጠርገህ አዲስ ቀባ። አልጋ ላይ አድርገህ አትጫወት፤ ብርድ ልብስ የአየር መግቢያውን ይደፍናል።

10. 85 ጊጋ በሞባይል ዳታ አታውርድ

ጌሙ ካለው ጓደኛ ሙሉውን ፎልደር በኤክስተርናል ዲስክ ገልብጠህ የስቲም ፎልደርህ ውስጥ አስገባ፤ ከዚያ «ኢንስቶል» ስትል ስቲም ያለውን ያገኘውና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። መጨረሻ ላይ ፋይሎቹን እንዲያረጋግጥ እዘዘው። ዊንዶውስን «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርገው፤ ጨዋታ መሐል አፕዴት አውርዶ ፓኬጅህን አይበላም። የስቲምን አፕዴት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ወስነው። በሰው ፍላሽ «ክራክ» የሚሉትን አትቀበል፤ ካውንተር ስትራይክ 2ም ቫሎራንትም በነጻ ነው፤ ክራኩ የሚሰርቀው የቴሌግራም አካውንትህን ነው። «አይም» የሚያስተካክል ፕሮግራምም አትጫን። የቫልቭ እገዳ አይነሳም፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ።

11. በሽቦ ከጎረቤት ጋር ተጫወት

ከሁሉ አጥብቄ የምነግርህ ይህን ነው። ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር በ150 ፒንግ ከመታገል እዚሁ ጎረቤት ካለ ጓደኛ ጋር በሽቦ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች መጫወት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ካውንተር ስትራይክ 1.6 ሌላው የጣለውን አሮጌ ዴስክቶፕ ሁሉ ያስነሳል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥም ይሁን በአንድ ጌም ቤት፣ ባለ 8 ወደብ ስዊችና ጥቂት ኬብል ይበቃል።

ኬብሉን ራስህ ምታ። ልባሱን ሁለት ጣት ያህል ልጠህ ስምንቱን ሽቦ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድር፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። እኩል ቆርጠህ ጫፋቸው የጃኩ መጨረሻ እስኪታይ ድረስ ግፋቸው፤ ልባሱም ጃኩ ውስጥ ገብቶ መነከስ አለበት፤ ያለዚያ በሳምንቱ ይላቀቃል። ከ100 ሜትር አታስረዝም። ለእያንዳንዱ ማሽን ቋሚ አድራሻ ስጥ፤ 192.168.10.1፣ 2፣ 3 እያልክ። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አትዝጋ፤ ለጌሙና ለ27015 ወደብ ብቻ ፍቀድ። አዲስ ጌም የከፈተው ሰው እዚያው ማሽን ላይ የሚጫወት ከሆነ የእሱ ፒንግ ዜሮ ነው፤ ይህ ጠብ ያመጣል። አንዱን አሮጌ ማሽን ለሰርቨርነት ብቻ መድብ። በድሮው ቅጂ ጌሙ ከሰርቨሩ በሰከንድ 20 ጊዜ ብቻ ነው መልእክት የሚቀበለው፤ «ሲኤል አፕዴትሬት» የሚለውን ወደ 100 ከፍ አድርግ፣ የሰርቨሩንም ጣሪያ አብረህ አንሳ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ያነሰው ይገዛል።

እንዲህ ስትጫወት ጥይት የተኮስክበት ቦታ ይገኛል። በኦንላይን «ላግ ነው» የምትለው ሰበብ እዚህ አይሠራም፤ የእጅህን ልክ የምታውቀው በሽቦ ነው።

12. ገንዘብህን በተራ፣ ጊዜህን በልክ አውጣ

ከለካህ በኋላ መግዛት ካለብህ ተራው ይህ ነው፦ ኬብል፣ ሁለተኛ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ደህና ማውዝ፣ ዩፒኤስ፤ ግራፊክስ ካርድ የመጨረሻው ነው። ኤስኤስዲ ፍሬም አይጨምርም፤ ካርታ ቶሎ ይከፍታል፣ መሐል ላይ መንተባተቡንም ይቀንሳል። ካርድ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ መግባቱን፣ የመብራት ሳጥኑ መቻሉን ሳታይ ከባሕር ማዶ አታስልክ፤ የወንድምህ ገንዘብ በላብ የመጣ ነው።

ማይክ ላይ ስትናገር እናትህ ከጎንህ እንደተቀመጠች ሆነህ ተናገር። እሁድ ከአምልኮ መልስ ሁለት ሦስት ሰዓት ብትጫወት የሚቆጣህ የለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በደረሰ ጊዜ ግን ጌሙን «እቀንሳለሁ» አትበል፤ አትቀንስም። ሙሉ ፎልደሩን ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጠህ ከማሽንህ አጥፋው፤ ዲስኩንም ለእኔ ወይም ለአባትህ ስጥ። ፈተናው ሲያልቅ በዩኤስቢ 3 መልሶ መገልበጡ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ያመለጠ ፈተና ግን አንድ ዓመት ይፈጃል።